በእንቁላሉ ጊዜ

እናቴ ደግ ሴት መሆኗን በሰፈራችን የማያውቅ አልነበረም፤ ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው ግን ራሷ ነበረች። የምንኖረው ቱርኩ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ቢጫ ቀለም በተቀባ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ታይስቶ ቸኮሌት ፋብሪካ ይሠራል፤ እናቴ ኤልቪ ቤት ትውላለች፤ እኔ ቱይሬ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእኔ ሌላ አልወለዱም። ስለዚህ አንድ ዓመት በጥር፣ በረዶው እስከ መስኮታችን ተቆልሎ ሳለ፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ ኢርያን አመጧት።

ኢርያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ ቆርጠዋታል፤ የያዘችው አንዲት የካርቶን ሻንጣ ብቻ ነው። በገባች በሳምንቱ እናቴ ጎረቤቶቿን ሁሉ ጠርታ ኬክ አበላችና ልጅቷን መሀል ላይ አቆመቻት። ሴቶቹ «ኤልቪ፣ እንዳንቺ ያለ ሰው የት ይገኛል» እያሉ በየተራ አመሰገኗት። ኢርያ የተመሰገነችው እሷ ስለመሰላት ለእያንዳንዷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴ እንዲህ አለቻት፦

«ለጊዜው እትዬ በይኝ። እስከ ፋሲካ እንተያይ። ከተስማማን ከፋሲካ በኋላ እማዬ ትይኛለሽ፤ ያን ጊዜ የዚህ ቤት ልጅ ነሽ።»

ኢርያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ማገዶ የሚቀመጥበት እንጨት ቤት ውስጥ ፍልጡን በክንዷ ላይ እየደረደረች ዝቅ ባለ ድምፅ «እማዬ፣ እንጨቱን አምጥቻለሁ» ስትል ሰምቻታለሁ። አንዴ አጥብቃ፣ አንዴ አለሳልሳ ትለዋለች። ከዚያ ወጥ ቤት ትገባና እንጨቱን አራግፋ «እትዬ፣ እንጨቱን አምጥቻለሁ» ትላለች። እኔ ደግሞ እህት አገኘሁ ብዬ እግሬ መሬት አልነካም። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፤ በብርድ የደረቀ እግሬን በእግሮቿ መሀል አስገብታ ታሞቅልኝ ነበር። ፋሲካ እንዲደርስ የእሷን ያህል እጓጓ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መጋቢት ላይ ወይዘሪት ሊንድሮስ መጡ። ከማሳደጊያው ወጥተው በየሰዉ ቤት የገቡትን ልጆች የሚከታተሉት እሳቸው ናቸው፤ ቤት ውስጥም የማያወልቁት ግራጫ ባርኔጣ ነበራቸው። ኢርያ ትምህርት ቤት ናት። እኔ ከምድጃው ኋላ ካለው ሙቅ ጥግ ከአሻንጉሊቴ ጋር ተቀምጫለሁ፤ መኖሬን ረስተውታል። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ብዙ አወራች። የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው፦ አልለመደችኝም፣ እኔም አልሆነልኝም፣ ሰው ምን ይለኛል። ወይዘሪት ሊንድሮስ አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጧትና፣ ያለ ምክንያት መመለስ እንደሚያስቸግር፣ ለማሳደጊያውም ለእናቴ ስምም መልካም እንዳልሆነ ነገሯት። በመጨረሻም «አንድ ነገር ካጠፋች እርግጥ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉ።

እኔ የገባኝ ወይዘሪት ሊንድሮስ ኢርያ ዕቃ ሰብራ እንደሆነ እየጠየቁ መሆኑ ነው። ፍትሕ ሊጓደል ነው ብዬ ከጥጌ ወጣሁና፣ ኢርያ እስከ ዛሬ አንድም ነገር አጥፍታ እንደማታውቅ፣ ስኒዎቹን የሰበርኩት እኔ መሆኔን አስረዳኋቸው። ባርኔጣቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀችና ሂጂ ውጪ ተጫወቺ አለችኝ። እህቴን አዳንኳት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

በሆሳዕና ዋዜማ አባቴ ከፋብሪካው ሁለት እንቁላል ይዞ መጣ። ፋብሪካው በፋሲካ ለየሠራተኛው በልጁ ልክ አንዳንድ ያድላል፤ ሲያዩት ከገበያ የመጣ ነጭ የዶሮ እንቁላል ነው እንጂ ሌላ አይመስልም። አባቴ እንዴት እንደሚሠራ አጫወተን፤ ስለ ሥራው ሲያወራ ብቻ ነው ምላሱ የሚፈታው። ሴቶቹ እውነተኛውን እንቁላል በቂጡ በኩል በስተው ውስጡን ያወጡታል፣ ቅርፊቱን ያጥቡታል፣ ይቀቅሉታል። ከዚያ እሱ ከለውዝ ጋር የተፈጨውን ትኩስ ቸኮሌት በቀዳዳዋ ያፈስበታል። በመጨረሻ ቀዳዳዋን በእንቁላል ነጭና በስኳር ይደፍኗታል። ስኳር በኩፖን መታደሉ የቀረው ገና በቅርቡ ስለሆነ እኔም ኢርያም እንዲህ ያለ ነገር ቀምሰን አናውቅም ነበር። ያፈስበታል ሲል ሰማን፤ እንግዲህ ውስጡ እንደ ማንኛውም እንቁላል ፈሳሽ ነው ብለን ደመደምን።

እናቴ የእኔው ላይ ቀይ፣ የኢርያ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ አሰረችና፣ ኢርያ ሰሐን ላይ ዘርታ ባበቀለችው ለምለም ሣር መሀል አስቀመጠቻቸው። ሰሐኑ የመኝታ ቤታችን መስኮት ላይ ነው የሚውለው። እስከ ፋሲካ ጠዋት ማንም እንዳይነካ ተባለ። እኛ ዘንድ ጾም የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ያ ሳምንት በሕይወቴ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጾሜ ነው ማለት እችላለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ኢርያ በሌሊት ልብሷ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ሰማያዊ ጥብጣብ ያለውን እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ አፏና አፍንጫዋ ላይ አስጠግታዋለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ምን እያደረግሽ ነው ብላት ደንግጣ መለሰችው። ቸኮሌት ቸኮሌት ይሸት እንደሆነ ላየው ብዬ ነው፣ የሚሸተው ግን ዶሮ ዶሮ ነው አለችኝና ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ኢርያ ስትስቅ ድዷ በሙሉ ይታያል፤ ሳቋ ግን ያጋባል። ቁርስ ላይ ያስቃታል ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ዳቦ መቁረጧን አቆመች።

«አፏ ላይ ነበር?»

«አዎ፣ አፏ ላይ።»

እናቴ እኔን እንዲያ በጥሞና አዳምጣኝ ስለማታውቅ ሁለተኛ ጊዜ፣ ትንሽ ጨማምሬ ነገርኳት።

ቅዳሜ አባቴ ጓሮ ያለውን ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ አነደደ። ሁልጊዜ የምታጥበን እናቴ ናት፤ ያን ቀን ግን ራሴን አሞኛል አለችና ኢርያ ፀጉሬን እንድታጥብልኝ ሁለታችንን ላከችን። ፎጣ ረስቼ ስመለስ እናቴ ወጥ ቤት ቆማ በስኒ ውስጥ የእንቁላል ነጭና ስኳር በሹካ ትመታለች። ያጠፋሁ መስሎኝ በሩ ላይ ቀረሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ሹካውን ሰጥታኝ እስኪጠራ ላስኩት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በማግሥቱ ስኳር የተቀባ ኬክ እጠብቅ ነበር፤ በዚያ ፋሲካ ግን ቤታችን ምንም ኬክ አልተጋገረም። ነገሩን መለስ ብዬ ያሰብኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ለፋሲካ ቁርስ ወይዘሪት ሊንድሮስ ተጋብዘው መጡ። ብቸኛ ሴት ናቸውና እናቴ አሳዝነዋት ነው ብዬ አሰብኩ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፏል፤ ጥቁሩ የብቅል ገንፎ ከክሬም ጋር ቀርቧል፤ የሣሩ ሰሐን ከነእንቁላሎቹ መሀል ላይ ተቀምጧል። ኢርያ ቀሚሷን ራሷ ተኩሳ ለብሳለች። ከመቀመጣችን በፊት ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ ዛሬ ወይስ ነገ ነው እማዬ የምላቸው ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ እኔም ዛሬ ነው አልኳት።

እናቴ ኢርያ ትልቋ ስለሆነች እሷ ትጀምር አለች። ኢርያ እጇን ሰደደችና እንቁላሉን አነሣች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። ደሙ ከፊቷ ላይ ጥርግ ብሎ ሲሄድ አየሁ፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ሁሉም አየ። ያን ፊት ለብዙ ዓመታት የጥፋተኛ ፊት እያልኩ ሳስታውሰው ኖሬያለሁ። ምን እንደነበረ የገባኝ አንድ ቀን ራሴ ባዶ እንቁላል ባነሣሁ ጊዜ ነው፤ ይከብደኛል ብሎ የተሰናዳ እጅ ምንም ሳያገኝ ወደ ላይ ይነጠቃል። ልጅቷ የደነገጠችው እንቁላሉ ስለቀለላት ነው።

«ምነው ልጄ?» አለች እናቴ። ልጄ ብላት አታውቅም።

«ምንም፣ እትዬ።»

በማንኪያ ገና ነካ ስታደርገው ቅርፊቱ እርግፍ አለ። ውስጡ ነጭ፣ ደረቅ፣ ባዶ ነበር። እናቴ ከስብርባሪው መሀል በስኳር የተደፈነችውን ቀዳዳ መርጣ አነሣችና በመዳፏ ላይ አድርጋ ለወይዘሪት ሊንድሮስ አሳየቻቸው። በቀዳዳዋ መጥጣ መጥጣ፣ ከእኔው ስኳር ሰርቃ መልሳ ደፈነችው፣ ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ ረቡዕ ያየሁትን እንድናገር አዘዘችኝ። ባርኔጣ ባደረጉ ትልቅ ሰው ፊት ተነሥቼ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ያየሁትን ተናገርኩ። እንቁላሉ አፏ ላይ ነበር፤ ዓይኗም ተጨፍኖ ነበር።

ይሄኔ አባቴ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። በፋሲካ ቀን እንጨት የሚፈልጥ ሰው በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። በጣም ተናዷል፣ የሌባ ፊት ማየት አስጠልቶት ነው አልኩ በልቤ።

ኢርያ አልበላሁም አለች። ድምጿ ስለማይሰማ ደግማ አለችው። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ አጠገቧ ሄደችና እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ድምጿ ለስላሳ ነበር፤ ለእኔ እንኳን በዚያ ድምፅ አውርታኝ አታውቅም።

«ስለ ቸኮሌቱ አይደለም ኢርያ። ቸኮሌት ምን አላት? እኔ የምፈልገው እውነቱን ነው። እውነቱን የሚናገር ልጅ የዚህ ቤት ልጅ ነው። ዋሾ ግን ከእኔ ጋር መኖር አይችልም።»

ነገሩ ለእኔ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ በላሁ ካለች ትቀራለች፣ አልበላሁም ካለች ትሄዳለች። በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኩትና «በላሁ በያ!» አልኳት በሹክሹክታ። ኢርያ እኔን አየችኝ። ከዚያ አባቴ የወጣበትን በር አየች። ከዚያ ቀና ብላ እናቴን አየቻት።

«በልቼዋለሁ» አለች። እንጨት ቤት ውስጥ ስትለማመደው በነበረው ለስላሳ ድምፅ ጨመረችበት፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማዬ።»

እናቴ እጇን ከራሷ ላይ አነሣች።

«እትዬ ነው የምትይኝ» አለቻት። ወደ ወይዘሪት ሊንድሮስም ዞራ ቀጠለች፦ «ሰሙ አይደል? ከአፏ ነው የወጣው። ዛሬ እንቁላል ነው፣ ነገ በሬ ይሆናል። ኋላ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ እንዳትለኝ። እኔ ደግሞ የራሴ ልጅ አለችኝ፣ ለእሷም ማሰብ አለብኝ።»

ወይዘሪት ሊንድሮስ ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ያሳዝናል አሉ። ገንፎውን ግን ጨርሰውት ነው የሄዱት።

በበዓሉ ማግሥት ወይዘሪት ሊንድሮስ መጥተው ወሰዷት። ኢርያ የካርቶን ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም እኔ አኩርፌያት ምድጃው ኋላ ገብቼ ነበር፤ ስለ አንድ እንቁላል ብላ እህቴን አሳጣችኝ ብዬ በራሷ በኢርያ ተናድጃለሁ። ሰፈሩ ደግሞ ወሬውን ሰምቶ እናቴን አጽናና። ምን ታድርጊ፣ አንቺማ ከሚገባሽ በላይ አደረግሽ፣ አሉ። እናቴም አለቀሰች፤ እንባዋ የእውነት ነበር። ሰው እንዲህ በራሱ ድርሰት ሲያለቅስ ከእሷ ሌላ አላየሁም።

የእኔን እንቁላል ኢርያ በሄደች ዕለት ሰበርኩት። ውስጡ ፈሳሽ አልነበረም። እንደ ተቀቀለ እንቁላል ቅርፊቱን ልጬ ስጨርስ ድፍን፣ ጠንካራ፣ በቢላ የሚቆረጥ ቸኮሌት ወጣ። ሲቆይ ይረጋል ማለት ነው፣ ኢርያ ትኩሱን ቀድማ ጠጥታዋለች አልኩና በላሁት። በሳምንቱ እናቴ ጥብጣብ የሌለው ሌላ አንድ ሰጠችኝ፤ እውነቱን ስለተናገርሽ ነው አለችኝ። እሱንም በላሁት፤ በጣም ይጣፍጥ ነበር። ለእኛ ቤት ከሁለት በላይ እንዳልታደለ ለማስላት የሰባት ዓመት ልጅ ሒሳብ እንኳ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን አፌ ሞልቶ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ለክረምት እዚያው ፋብሪካ ገባሁ። ቸኮሌቱ ቅርፊቱ ውስጥ በፈሰሰ ወዲያው ይረጋል። አንዴ ከረጋ በትንሿ ጣት ጫፍ በምታክል ቀዳዳ አይደለም መጥጦ፣ ቆፍሮም የሚያወጣው የለም፤ ቅርፊቱ ሳይሰበር አይሆንም። እዚያ የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። አባቴ ሲያፈስ የኖረው ደግሞ ከእኔ መወለድ በፊት ጀምሮ ነው። ማፍሰሻውን እጄ ላይ እንደያዝኩ ይህን አሰብኩ፤ ያም ሆኖ አባቴን ለመጠየቅ ብዙ ዓመት ፈራሁ።

የጠየቅኩት እናቴን ከቀበርን በኋላ፣ ሳውና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። አላንገራገረም። የእንቁላሉ ነገር ገና ሲጠነሰስ ማወቁን፣ ቅዳሜ ዕለት ስኒውን አጥቦ ያስቀመጠው እሱ መሆኑን ነገረኝ። ልጅን ያለ ምክንያት የመለሰ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ሌባ የመለሰን ግን ማንም አይወቅሰውም አለኝ።

«ኢርያ ምን አድርጋት ነው?» አልኩት።

«ምንም። ስትስቅ ድዷ ይታያል ትል ነበር። አልወደደቻትም፣ በቃ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ወድጃት ነበር» አለና የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ጨመረ። ያን ቀን አባቴን ጠላሁት። እናቴ ቢያንስ ደክማበታለች፤ እሱ እንጨት ነው የፈለጠው።

ኢርያን ፈልጌ ያገኘኋት ታምፔሬ ነው። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። በባቡር ሄድኩ፤ መንገዱን ሁሉ የምነግራትን ቃል እየደረደርኩ ነበር። ኩሽናዋ ጠባብና ንጹሕ ነው። ብስኩት አቀረበችልኝ፤ እሷ አንድም አልነካችም። ገና ሳልጀምር እናቴ መሞቷን እንደሰማች፣ ይቅርታ ልትጠይቃት ሳትበቃ መቅረቷም እንዳሳዘናት ነገረችኝ።

«ኢርያ፣ አንቺ እኮ አልበላሽውም» አልኳት።

አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

«በልቼዋለሁ እንጂ። ማሳደጊያው እንደተመለስኩ መጀመሪያ አልበላሁም እያልኩ ብዙ አስቸግሬያቸው ነበር፤ ኋላ ግን ትዝ አለኝ። ጣዕሙ ዛሬም አፌ ላይ ነው። መስኮቱ ጋ ቆሜ በቀዳዳዋ ሳብኩት፤ ሞቅ ያለ ነበር፣ እንደ ማር እየተሳበ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ቸኮሌት በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

ነገርኳት። ፈሳሽ እንዳልሆነ፣ ከነቅርፊቱ እንደሚረጋ፣ በቀዳዳ ሊወጣ እንደማይችል፣ ራሴ በእጄ እንደሠራሁት ነገርኳት። የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፏ እያለሳለሰች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ካልበላሁትማ» አለች በመጨረሻ፣ «ታዲያ ለምን መለሱኝ?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት እሱን ይዤ ነው። ኢርያ ዓይኗን ከላዬ ሳታነሣ ትጠብቀኛለች፤ እጇ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ቆሟል።

«ምናልባት» አልኳት፣ «ያን ጊዜ የሚሠሩት ፈሳሹን ይሆናል።»

ትከሻዋ ረገብ ሲል አየሁ። ብስኩቱንም ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

«ፈሳሽ ነበር እንጂ» አለችኝ። «የበላሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?»